ዲስቶፒያ ልቦለድ ስትጽፉ የመረጋጋቱን ዋጋ ማን እንደከፈለ እንዴት ታሳያላችሁ

ዲስቶፒያ፣ ማለትም ሰውን የሚጨቁን ክፉ ስርአት ያለበትን ምናባዊ ማህበረሰብ የሚያሳይ ልቦለድ፣ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጨካኙ መሪ ነው። ጥቁር የለበሱ ወታደሮች፣ በየጥጉ ካሜራ፣ ሰዓት እላፊ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ፣ ከዛ አንድ ጎበዝ ወጣት ይነሳና ሲስተሙን ይንደዋል። እንደዚ አይነት ረቂቅ ሳነብ አጻጻፉ ጥሩ ቢሆን እንኳን ግማሹ ላይ አንድ ጥያቄ ይይዘኛል፣ ይሄ ሁሉ ህዝብ ለምንድን ነው እሺ ብሎ የሚኖረው? መልሱ "ስለሚፈራ" ብቻ ከሆነ ታሪኩ እዛው አለቀ፣ አንባቢው ገና ገጽ 10 ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አውቋል፣ የቀረው መቼ እንደሚወድቅ መጠበቅ ነው። የሚያስጨንቀው ዲስቶፒያ ሌላ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ነገር አግኝተዋል፣ ጠግበው ያድራሉ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳባቸው የለም፣ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እንደሚመለስ ያውቃሉ፣ እና ለዚህ ሁሉ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ከፍሏል። የጸሃፊው ትልቁ ስራ ያንን ከፋይ ፈልጎ ማግኘትና አንባቢው ፊቱን እንዲያየው ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደሚሰራ የማውቀውን ልንገራችሁ (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ከህጉ በፊት ፍርሃቱን ጻፉ። ማንም ማህበረሰብ ነጻነቱን ዝም ብሎ አሳልፎ አይሰጥም፣ የሚሰጠው ከሆነ ነገር እየሸሸ ነው። ስለዚህ ዩኒፎርሙን፣ የመስሪያ ቤቶቹን ስም፣ የቅጣት አይነቱን ምናምን ከመፍጠራችሁ በፊት ከዛ በፊት የነበረውን ክፉ ዘመን ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። ዛምያቲን ከሩሲያ አብዮት ማግስት በጻፈው "እኛ" በተባለው ልቦለድ ውስጥ ሁሉን የሚቆጣጠረው መንግስት የቆመው 200 አመት ከፈጀ ጦርነት በኋላ ነው። ሀክስሊ በ1932 ባሳተመው "ብሬቭ ኒው ወርልድ" ላይ ደግሞ ዘጠኝ አመት የፈጀ ጦርነት አለ፣ የአንትራክስ ቦምብ ወርዷል፣ ኢኮኖሚው ተንኮታኩቷል፣ ከዛ ነው ሰዎቹ በቃ ማንም ይምራን ብቻ ይሄ ይቁም ያሉት። ሁለቱም ደራሲዎች ይሄን ታሪክ በጥቂት መስመር ነው የሚያልፉት ግን መጽሐፉ በሙሉ እሱ ላይ ቆሟል።

እኔ የምመክረው ልምምድ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ያን ዘመን ያየች አንዲት አሮጊት ውሰዱና በራሷ አንደበት እንድትናገር አድርጉ፣ ምን በልታ እንዳደረች፣ ማን እንደሞተባት፣ እስካሁን የትኛውን ድምፅ ስትሰማ ልቧ እንደሚመታ። ገጹ መጽሐፉ ውስጥ መግባት የለበትም፣ አሮጊቷ ግን ትገባለች፣ ዋናው ገጸ-ባህሪ ማጉረምረም ሲጀምር "አንተ እኮ አላየህም ልጄ" የምትለው እሷ ናት። እቺ አንድ አረፍተ ነገር ከአንድ ሻለቃ ፖሊስ በላይ ሰው ታስራለች፣ ምክንያቱም ውሸት አይደለችም። በክፋት የተነገረችም አይደለችም፣ በፍቅር ነው።

ቀጥሎ መረጋጋቱ የምር ይስራ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሃፊ ይሰስታል፣ ሰላሙ የውሸት እንደሆነ ቶሎ ማሳየት ይፈልጋል፣ ፈገግታው የግድ ነው፣ ምግቡ አመድ አመድ ይላል፣ ሁሉም ሰው ውስጡ ያለቅሳል። እንዲህ ካደረጋችሁት ዋጋ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ምንም ሳይገዛ የተከፈለ ስለሆነ ዝርፊያ ብቻ ነው የሚሆነው። ኡርሱላ ለጉዊን በ1973 ባወጣችው ስለ ኦሜላስ ከተማ በሚናገረው አጭር ልቦለድ ያደረገችውን እዩ። ግማሹን ታሪክ የወሰደችው የከተማዋን ደስታ ለመገንባት ነው፣ እንዲያውም አንባቢውን የጎደለ ከመሰለህ የፈለግከውን አንተው ጨምርበት ትለዋለች። አንባቢው የራሱን ምኞት ከተማዋ ውስጥ ካስገባ በኋላ ነው ምድር ቤት የተዘጋበትን ህጻን የምታሳየው። የከተማው ሰው ሁሉ ህጻኑ እንዳለ ያውቃል፣ ልጆች ከ8 እስከ 12 አመት ባለው እድሜያቸው ይነገራቸዋል፣ ውሉም ግልጽ ነው፣ ለህጻኑ አንድ የደግነት ቃል ከተነገረው የሁሉም ደስታ ይፈርሳል። ደስታው የውሸት ቢሆን ኖሮ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም፣ ህጻኑን አውጥተህ መሄድ ነው። የሚያንቀው ደስታው እውነት መሆኑ ነው።

በተግባር ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አንባቢው ራሱ የሚመኛቸውን ጥቂት ነገሮች አስቀምጡ። ሌሊት ብቻዋን ያለ ፍርሃት የምትሄድ ሴት፣ ወረፋ የሌለው ሆስፒታል፣ ማንም ስራ አጥቶ የማያፍርበት ከተማ። በትዕይንት አሳዩት እንጂ በማብራሪያ አትንገሩ። እና ቶሎ አታበላሹት፣ አንባቢው ትንሽ ይኑርበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ሂሳቡ። ወረቀት አምጡና ለሁለት ክፈሉት፣ በአንዱ በኩል ማህበረሰቡ ያገኘውን፣ በሌላው በኩል ከማን እንደተወሰደ ጻፉ። ህጉ አንድ ነው፣ ከፋዩ በኩል "ነጻነት"፣ "ሰብአዊነት"፣ "ፍቅር" የሚሉ ትልልቅ ቃላት መጻፍ አይቻልም። የማን? መቼ? በስንት ሰዓት? ምን ስታደርግ ነበር? "ህዝቡ የማሰብ መብቱን ተነፈገ" የሚለው ማንንም አያመውም። "ሴትዮዋ ከሞተ ልጇ ስም ውጪ ሁሉንም ታስታውሳለች" የሚለው ግን ያማል።

ከፋዮቹን ስትፈልጉ መጀመሪያ እየከፈሉ መሆኑን የማያውቁትን ፈልጉ፣ ለኔ በጣም ከባዶቹ እነሱ ናቸው። በሀክስሊ አለም ሰው ጠርሙስ ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ለታችኛው መደብ የታሰበው ጽንስ ኦክስጅን ይቀነስበታል፣ አልኮልም ይጨመርበታል፣ ተወልዶ ሲያድግ ሊፍት እየነዳ ደስ ብሎት እንዲኖር። የ8 ወር ህጻናት ፊት የሚያምሩ መጽሐፎችና አበቦች ይዘረጋሉ፣ ህጻናቱ እየተሳቡ ሄደው መንካት ሲጀምሩ ሳይረን ይጮሃል፣ ወለሉ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ይሄ ደጋግሞ ይደረጋል፣ ከዛ በኋላ እድሜ ልካቸውን መጽሐፍና አበባ ይጠላሉ። አስቡት፣ እነዚህ ሰዎች አድገው አንድም ቀን አያማርሩም፣ ለምን መሰላችሁ፣ ሊያማርር ይችል የነበረው ሰው ገና ሳይፈጠር ነው የተወሰደባቸው። በድለኸኛል የሚል ተበዳይ የሌለበትን በደል መጻፍ በጣም ከባድ ነው፣ ስለዚህ አንባቢው ከገጸ-ባህሪው በላይ እንዲያይ ማድረግ አለባችሁ።

ለዚህ ካየኋቸው ሁሉ ምርጡ መንገድ ኢሺጉሮ በ2005 "ኔቨር ሌት ሚ ጎ" ላይ የተጠቀመበት ነው። ተራኪዋ ካቲ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ጠፋባት ካሴት፣ ስለ ትንንሽ ኩርፊያዎች በተረጋጋ ድምፅ ታወራለች፣ እኛ ደግሞ ቀስ በቀስ እሷም ጓደኞቿም የተፈጠሩት የሰውነት ክፍላቸው ለሌላ ሰው ህክምና እንዲወሰድ መሆኑን እንረዳለን። ካቲ አትጮህም። እንዲያውም ለሚሞቱት ጓደኞቿ ጥሩ አስታማሚ በመሆኗ ትኮራለች። ብዙ አንባቢ ለምን አይጠፉም፣ ለምን አጥር ዘለው አይሄዱም እያለ ይናደዳል፣ ያ ንዴት ነው መጽሐፉ የሚፈልገው፣ ምክንያቱም መሸሽን ማሰብ እንኳን የተወሰደባቸው ነገር አካል ነው። ከዚህ የሚወሰደው ቴክኒክ ይሄ ነው፣ ከፋዩን አታስለቅሱት፣ የሚኮራበት ነገር ስጡት። ሰው በሚጎዳው ነገር ሲኮራ አንባቢ መቋቋም ያቅተዋል። ኦርዌልም "1984" ላይ አንድ ቦታ ተጠቅሞበታል፣ የዋናው ገጸ-ባህሪ የዊንስተን ጎረቤት ፓርሰንስ እስር ቤት ሲገባ የጠቆመችው የ7 አመት ልጁ ናት፣ እሱ ግን ልጄ በደንብ አድጋለች ብሎ ይኮራባታል። ከነማሰቃያ ክፍሉ ከሙሉ መጽሐፉ ውስጥ እኔን በጣም የሚከብደኝ እሱ ነው፣ አንድ አባት ልጁን አጥቶ እንዳጣት እንኳን አያውቅም።

ሁለተኛ አይነት ከፋይ አለ፣ እጁ። ያንን ነገር በየቀኑ የሚሰራው ሰው ማለቴ ነው። መሪውን እርሱትና ስራውን የሚሰራውን ሰው ተከተሉት፣ ጠዋት ተነስቶ ቁርስ በልቶ የሚሄደውን። ሎይስ ሎውሪ በ1993 "ዘ ጊቨር" ላይ የጻፈችው የዮናስ አባት በጣም ርህሩህ ነው፣ ስራው ጨቅላ ህጻናትን መንከባከብ ነው፣ የደከመ ህጻን ቤቱ አምጥቶ ሌሊት እየተነሳ የሚያባብል ሰው ነው። መንትዮች ሲወለዱ ደግሞ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቀላል የሆነውን "ይለቀዋል"፣ ማለትም ግንባሩ ላይ ባለ የደም ስር መርፌ ወግቶ ይገድለዋል፣ በዛው በሚያባብልበት ድምፅ እያወራው፣ ከዛ በካርቶን አድርጎ ይጥለውና ቻው ይለዋል። ልጁ ዮናስ ይሄን በቪዲዮ ያያል። ትዕይንቱን ልብ ብላችሁ አንብቡት፣ አንድ የቁጣ ቃል የለበትም፣ የስራ ሂደት ነው ብቻ። እናንተም እንደዚ ጻፉት፣ እጅ ምን አነሳ፣ ምን ቦታ አስቀመጠ፣ ፎርሙ ላይ ምን ተሞላ። ቅጽል በጨመራችሁ ቁጥር ይቀልላል። ለድርጊቱ ስም ስታወጡለትም አዲስ አስፈሪ ቃል አትፍጠሩ፣ ሰው በየቀኑ በበጎ የሚጠቀምበትን የተለመደ ቃል ውሰዱ።

ያወቁና ዝም ያሉትም ከፋዮች ናቸው፣ እነሱን ግን ለመጻፍ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም፣ እያንዳንዳችን ውስጥ ስላሉ በቀላሉ ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ፣ ፈሪ ብላችሁ አትፍረዱባቸው፣ የሚጠብቁት ሰው ስጧቸው።

ሃሳቡ ከየት ይመጣል ካላችሁ ከታሪክ። ማርጋሬት አትዉድ በ1985 "ዘ ሃንድሜይድስ ቴል" ን ስትጽፍ የሰው ልጅ አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ያላደረገውን ነገር አላስገባም ብላ ራሷ ላይ ህግ አውጥታ ነበር። ይሄ ህግ ለጀማሪ በጣም ይጠቅማል፣ ከምናብ የመጣ ጭካኔ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ሲሆን እውነተኛው ደግሞ በጣም ተራ ይመስላል። ለምሳሌ ሩማንያ በ1966 የህዝብ ቁጥር ይጨምር ተብሎ በድንጋጌ ቁጥር 770 ጽንስ ማቋረጥ ተከለከለ፣ በቀጣዩ አመት የወሊድ ቁጥሩ ወደ እጥፍ ገደማ ተጠጋ፣ በወረቀት ላይ ፖሊሲው ሰራ ማለት ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ግን በድብቅ ለማቋረጥ ሲሞክሩ የሞቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና በየማሳደጊያው የተጣሉ ህጻናት ነበሩ፣ ህጉም የተነሳው ስርአቱ በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ ነው። የምስራቅ ጀርመኑን ሚስጥራዊ ፖሊስ ሽታዚንም እዩ፣ በ1989 ወደ 91,000 ቋሚ ሰራተኛ ነበረው፣ ከዛ ውጪ ደግሞ ከዚህ ቁጥር በላይ የሆኑ ድብቅ ጠቋሚዎች። በ1992 ሰዎች የራሳቸውን ፋይል እንዲያነቡ ሲፈቀድ አንዳንዱ የጠቆመበት የቅርብ ጓደኛው ወይ የትዳር ጓደኛው ሆኖ አገኘው። ልብ በሉ፣ ይሄኛው ዋጋ የተከፈለው መንግስቱ ከፈረሰ በኋላ ነው፣ የሰውየው የ20 አመት ትዳር ወደ ኋላ ተመልሶ ተወሰደበት። ለልቦለድ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ። ግን ታሪኩን እንዳለ ገልብጣችሁ ስም ቀይራችሁ አታስገቡ፣ አሰራሩን ውሰዱ፣ ማለትም ማን ምን እንዲያውቅ እንደተፈቀደለትና መቼ እንዳወቀ።

ከዛ ስርአቱን የሚከላከል ሰው ያስፈልጋችኋል፣ እና የምትችሉትን ያህል ጎበዝ አድርጉት። ሀክስሊ ላይ ሙስጠፋ ሞንድ የሚባለው ተቆጣጣሪ ሞኝ አይደለም፣ የተከለከሉትን መጽሐፎች ሁሉ አንብቧል፣ ወጣት ሳለ ጎበዝ የፊዚክስ ሰው ነበር፣ ወይ ደሴት ትሰደዳለህ ወይ ከገዢዎቹ አንዱ ትሆናለህ ሲባል ሳይንሱን ትቶ ሌሎችን ደስተኛ ማድረግን መረጠ፣ ስለዚህ እሱም ከፍሏል። ክርክሩን በምሳሌ ነው የሚያቀርበው፣ ሳይፕረስ ላይ 22,000 የከፍተኛ መደብ ሰዎች ብቻቸውን እንዲኖሩ ተደረገ፣ ዝቅተኛውን ስራ ማን ይስራ እየተባባሉ በስድስት አመት ውስጥ እርስ በርስ ጦርነት ገቡና 19,000ው አለቁ፣ የተረፉት እባካችሁ መልሳችሁ ግዙን ብለው ለመኑ። ይሄን ስታነቡ ወዲያው መልስ አይመጣላችሁም፣ እንደዛ መሆን አለበት። የእናንተን ተከላካይ ንግግር ጽፋችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ "እውነቱን ነው እኮ" ብላችሁ ለአፍታ ካልተንገዳገዳችሁ እንደገና ጻፉት።

መልሱን ግን በንግግር አትመልሱ፣ ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ጀግናው ተነስቶ ሶስት ገጽ ስለ ነጻነት ይሰብካል። ከሞንድ ጋር የሚከራከረው የሀክስሊው ጆን ሲጠየቅ ያደረገውን እዩ፣ ደስተኛ ያለመሆን መብቴን ነው የምጠይቀው ይላል፣ ሞንድ ደግሞ ያ ምን ማለት እንደሆነ ይዘረዝርለታል፣ ማርጀት፣ ካንሰር፣ ረሃብ፣ ቅማል፣ ታይፎይድ፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያሉ መፍራት። ጆን ከረጅም ዝምታ በኋላ ሁሉንም እፈልጋለሁ ይላል። በዚህ የነጻነትም ዋጋ ጠረጴዛው ላይ ወጣ ማለት ነው፣ የመረጋጋቱ ዋጋ ብቻ አይደለም የተቆጠረው። አንዱን ወገን ብቻ ቆጥራችሁ ከተዋችሁት አንባቢው ይታዘባችኋል።

ስለ ዋናው ገጸ-ባህሪ አንድ የምለው አለ። ከስርአቱ ውጪ እንዳደገ ሰው አታድርጉት። እዛ ተወልዶ እዛ ያደገ ሰው ውስጡ ተጎድቷል፣ የጎደለውን ነገር ስም አያውቀውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ እንደ በሽታ ነው የሚሰማው። የዛምያቲኑ ዲ-503 የሂሳብ ሰው ነው፣ ፍቅር ሲይዘው ሀኪም ጋ ይሄዳል፣ ሀኪሙም ነፍስ አብቅለሃል፣ አይድንም ይለዋል። ብራድበሪ በ1953 "ፋረንሃይት 451" ላይ ያደረገው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፣ ስራው መጽሐፍ ማቃጠል የሆነው ሞንታግ አንድ ሌሊት ከሚስቱ ጋር የት እንደተዋወቁ ለማስታወስ ይሞክራል፣ አይመጣለትም፣ ሚስቱን ይጠይቃታል፣ እሷም አታስታውስም፣ ትስቃለች። 10 አመት አብረው ኖረዋል። በዛው መጽሐፍ ሚስቱ የእንቅልፍ ክኒን በብዛት ወስዳ ስትወድቅ የሚመጡት ሀኪሞች አይደሉም፣ ማሽን የያዙ ሁለት ሰራተኞች ናቸው፣ በአንድ ሌሊት ዘጠኝና አስር እንደዚ አይነት ሰው ይገጥመናል ብለው እቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። ከነዚህ ሁለት ትዕይንቶች በኋላ ስለ መጽሐፍ ማቃጠሉ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከተማው ምን እንደበላ ታይቷል። እናንተም የገጸ-ባህሪያችሁን ጉዳት እንዲህ ትንሽ ቦታ ላይ ፈልጉት፣ ማስታወስ ያቃተው ነገር፣ ሲነኩት የሚደነግጥበት የሰውነቱ ክፍል፣ መጨረስ የማይችለው ዘፈን።

መጨረሻው ላይ ስርአቱን ለማፍረስ አትቸኩሉ። ፍርስራሽ ለአንባቢ እፎይታ ይሰጣል፣ እፎይታ ደግሞ ሂሳቡን ያስረሳል። ዲ-503 መጨረሻ ላይ ምናቡን በኦፕሬሽን ያወጡለታል፣ ከዛ የሚወዳት ሴት ስትሰቃይ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ምንም አይሰማውም፣ ሪፖርት እንደሚጽፍ ሰው ይገልጸዋል። ተስፋ ማስገባት ከፈለጋችሁ ኦርዌል ያደረገውን ሞክሩ፣ ከታሪኩ በኋላ ያለው ስለ ቋንቋው የሚያብራራው አባሪ የተጻፈው በሃላፊ ጊዜ ነው፣ ብዙ አንባቢዎች ከዛ ተነስተው ስርአቱ አንድ ቀን አልፏል ማለት ነው ብለው ያነቡታል። አንድም ጥይት ሳይተኮስ። ስርአቱ የግድ ይውደቅ ካላችሁም ከወደቀ በኋላ ባለው ሳምንት ሆስፒታሉ ምን ሆነ፣ አሮጊቷ ምን ሆነች፣ ያ "እጅ" የነበረው ሰውዬ ጠዋት ተነስቶ የት ሄደ የሚለውን አንድ ምዕራፍ ስጡት።

ረቂቁ ሲያልቅ ለምታምኑት ሰው ስጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ "እዛ ትኖር ነበር?" ሳያስብ "በፍጹም" ካለ መረጋጋቱ አልሰራም፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመለሱ። ሳያስብ "አዎ" ካለ ደግሞ ከፋዩን አላየውም፣ ሂሳቡን የጻፋችሁበትን ወረቀት አውጡና ትዕይንት ያልተሰጠው ስም የትኛው እንደሆነ ፈልጉ። መደራደር ከጀመረ፣ ቆይ ህጻኑን ማውጣት አይቻልም፣ ሌላ መንገድ የለም፣ እኔ ብሆንስ እያለ መከራከር ከጀመረ፣ የሚናገረውን ሁሉ ማስታወሻ ያዙ፣ ተከላካዩ ንግግር ላይ የቀረውን ክፍተት እየነገራችሁ ነው።